ጠረጴዛ የሌለው የአበባ ማስቀመጫ፦ በሬዶን መንገድ የተሞከረ የዘይት ቀለም ሥዕል የሥራ ማስታወሻ

መነሻ

ፈረንሳዊው ሠዓሊ ኦዲሎን ሬዶን (1840–1916) በሕይወቱ የመጨረሻ ዘመናት በዘይት ቀለምና በፓስቴል (በደረቅ የቀለም ጠመኔ) የሠራቸው የአበባ ሥዕሎች ሲያዩዋቸው ሕልም ይመስላሉ፤ ውስጣቸው ግን አንድም የሕልም ዕቃ የለም። ያለው አንድ ማስቀመጫና አንድ እቅፍ አበባ ነው። ክንፍ ያለውን ፈረስና ባለ አንድ ዓይኑን ግዙፍ ፍጡር በሌሎች ሸራዎቹ ላይ ሥሏቸዋል፤ ወደ አበቦቹ ግን አላስጠጋቸውም። እንግዲህ ሕልሙ ከተሣለው ነገር ካልመጣ ከአሣሣሉ መምጣቱ ነው፤ ከአሣሣሉ ከመጣ ደግሞ በሸራው አዘገጃጀት፣ በቀለሙ ቅጥነትና ውፍረት፣ በጠርዞቹ አያያዝ ውስጥ ተፈልጎ ሊገኝ ይገባል። ይህ ማስታወሻ የዚያ ፍለጋ መዝገብ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለማነጻጸሪያ የያዝኩት በዋሽንግተን ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ጋለሪ ስብስብ ውስጥ የሚገኘውን፣ በ1910 አካባቢ የተሣለውን የአበባ ማስቀመጫ ነው። መኖሪያዬ ሲልቨር ስፕሪንግ ስለሆነ በሜትሮ ደርሶ መመለስ አይከብድም፤ ጋለሪው የመግቢያ ክፍያ የለውም፤ የስብስቡንም ፎቶዎች በከፍተኛ ጥራት በነፃ ማውረድ ይቻላል። በእርሳስ በደብተር ላይ መንደፍ የተፈቀደ ሲሆን በዘይት ቀለም ለመቅዳት ግን የተለየ ፈቃድ ያስፈልጋል። እኔ ፈቃዱን አልጠየቅሁም፤ ቅጂ መሥራት አልነበረም የፈለግሁት። ቅጂ ሠዓሊው የደረሰበትን ውጤት ይደግማል እንጂ እዚያ ያደረሰውን ምርጫ አያሳይም። የራሴን ማስቀመጫና የራሴን አበባ አስቀምጬ የእርሱን ዘዴ መፈተን የተሻለ መስሎ ታየኝ።

ሸራውና የታች ዝግጅቱ

ከሥራው ሁሉ ጊዜ የወሰደው ይህ ክፍል ነው። የሬዶን የዘይት ሥዕሎች ገጽ ደረቅና ማት ነው፤ አያብለጨልጭም፤ ከፓስቴሎቹ ጋር ጎን ለጎን ቢቀመጡ ልዩነቱን ለመናገር ቀረብ ማለት ያስፈልጋል። ከሱቅ ተወጥሮ የሚሸጠው ሸራ ደግሞ በአክሪሊክ ጌሶ (ከቀለሙ በታች በሚቀባ ነጭ ንብር) የተቀባ ስለሆነ ዘይት ብዙም አይመጥም፤ ቀለሙ ላዩ ላይ ተንሳፍፎ ይቀራል፣ ሲደርቅም ያብረቀርቃል። ስለዚህ ያልተቀባ የሊነን ጨርቅ ገዝቼ 40 በ50 ሴንቲ ሜትር በሆነ የእንጨት ፍሬም ላይ ራሴ ወጠርኩት። ሊነኑም የቀለሙ ማዋሃጃ ዘይትም ከአንድ ተክል፣ ከተልባ፣ የሚገኙ መሆናቸውን እግረ መንገዴን ልጥቀስ። ለምግብ የሚሸጠው የተልባ ዘይት ግን ለዚህ አይሆንም፤ እንዳይበላሽ ተብሎ የሚጨመርበት ነገር መድረቁን ስለሚያዘገየው የተጣራውን የሠዓሊያን ዘይት መግዛት የግድ ነው።

ጨርቁ በቀጥታ ዘይት ከነካው በጊዜ ብዛት ይበሰብሳል። ይህን ለመከላከል በመጀመሪያ የጥንቸል ቆዳ ሙጫ ይቀባል። አንድ እጅ ሙጫ በአሥራ ሁለት እጅ ውኃ ዘፍዝፌ አሳደርኩና በማግሥቱ ድስቱን በሌላ የፈላ ውኃ በያዘ ድስት ውስጥ አስቀምጬ አሞቅሁት። ሙጫው መፍላት የለበትም፤ ከፈላ የማጣበቅ ኃይሉን ያጣል። ሽታው ከቤት ሰው ጋር የሚያጣላ ስለሆነ ለዚሁ ብቻ የሚውል ድስት መለየት ይገባል።

ከሙጫው በላይ የሚመጣውን ንብር ለመምረጥ ከተረፈው ጨርቅ ሦስት ቁራጮች አዘጋጀሁ። የመጀመሪያው በተለመደው አክሪሊክ ጌሶ፣ ሁለተኛው በሙጫና በጠመኔ ዱቄት ብቻ፣ ሦስተኛው በሙጫ፣ በጠመኔና በነጭ ቀለም ዱቄት ላይ የተልባ ዘይት በጠብታ እየተጨመረ በተመታ ውሕድ ተቀባ። በሦስቱም ላይ ያንኑ ካድሚየም ቀይ በተመሳሳይ ብሩሽ አስኬድኩ። በአክሪሊኩ ላይ ብሩሹ እንደ ልብ ይንሸራተታል፣ ቀዩም የሱቅ መስኮት ቀይ ሆነ። በጠመኔው ላይ ቀለሙ ገና እንደ ተነካ ተመጠጠ፤ ብሩሹ ከጣት ርዝመት በላይ መሄድ አልቻለም፤ ከደረቀ በኋላ በአውራ ጣቴ ሳሸው ቀይ ዱቄት ተከትሎኝ መጣ። ዘይቱ በሙሉ ወደ ታች ስለወረደ ቀለሙን የሚይዘው ነገር አልቀረም ማለት ነው። ቁራጩን ትንሽ ሳጥፈውም ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ አወጣ። ሦስተኛው ከሁለቱ መካከል ሆነ፦ ቀለሙ ይመጠጣል፣ ማት ይሆናል፣ በጣት ግን አይለቅም፣ ሲታጠፍም አልተሰነጠቀም።

ሦስተኛውን ያዝኩ። መጠኑ አንድ እጅ የሙጫ ውኃ፣ አንድ እጅ ጠመኔ፣ አንድ እጅ የታይታኒየም ነጭ ዱቄት፣ ግማሽ እጅ ዘይት ነበር። ውሕዱ እንደ አጥሚት ከማንኪያ ሲወርድ ለመቀባት ደርሷል። ዱቄቱ ሲበተን ወደ ሳንባ እንዳይገባ ማስክ ማድረግ አይዘነጋም። ሁለት ጊዜ ስስ አድርጌ ቀባሁና በብርጭቆ ወረቀት በቀስታ አሸሁት፤ የጨርቁ ድርና ማግ እስኪጠፋ ድረስ ግን አላሸሁትም፤ ድርና ማጉ ኋላ ላይ ያስፈልጋል። ለጨርቅ፣ ለፍሬም እንጨት፣ ለሙጫና ለዱቄቶቹ ወደ 70 ዶላር ወጥቷል፤ ከሱቅ ከሚገዛው የተዘጋጀ ሸራ ከሦስት እጥፍ በላይ ነው፤ ሙጫውና ጠመኔው ግን ለብዙ ሸራ ይበቃል።

ማስቀመጫና አበባ

ሬዶን ለማስቀመጫ የሚጠቀመው ቤቱ ውስጥ ያሉትን የሸክላ ዕቃዎች ስለነበር ያው ማስቀመጫ በተለያዩ ሥዕሎቹ ላይ ተመላልሶ ይታያል። አበቦቹን የምታስተካክለው ባለቤቱ ካሚል ነበረች፤ ከ1910 ጀምሮ የአውሮፓን ሞቃት ወራት ከፓሪስ ወጣ ብሎ በቢየቭር በሚገኝ ቤት ያሳልፉ ስለነበር አበቦቹ ከዚያው አትክልት ቦታ የተለቀሙ ናቸው። የአበባው አደራደር በሌላ ሰው እጅ መሆኑ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሠዓሊው ራሱ ሲደረድር ሳያውቀው ለሥዕል የሚመች ቅርጽ ይሠራል፣ ያ ቅርጽም አስቀድሞ ያለቀ ነገር ይሆናል። እኔም እህቴን ለመንኳት። አኔሞን፣ ዴዚ፣ ሰማያዊ ኮርንፍላወር (የእህል ማሳ አበባ)ና አንድ ሁለት ቀይ ፖፒ በአንድ ላይ ከተተችው፤ እኔ ብሆን ፖፒዎቹን መሃል ላይ አደርጋቸው ነበር፣ እሷ ግን አንዱን ከጎን ወደ ውጭ እንዲወድቅ ተወችው።

ለማስቀመጫ ጀበና እንድጠቀም የመከሩኝ ነበሩ። ቅርጹ የሚያምር ቢሆንም አልተቀበልኩትም። ጀበና በሸራ ላይ ከገባ ተመልካቹ ወዲያው ቡናን፣ ረከቦትን፣ እናቱን ያስባል፤ ሥዕሉ ስለ አንድ የታወቀ ነገር ይሆናል፣ የታወቀ ነገርም መሬት ይረግጣል። የሚያስፈልገኝ ታሪክ የማይናገር ዕቃ ስለነበረ ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ በ4 ዶላር የተገዛ፣ አንገቱ አጠር ያለ፣ አረንጓዴ ወደ ግራጫ የሚያደላ የሸክላ ማሰሮ ወሰድኩ።

ከሰል

ሬዶን ወደ ቀለም ሙሉ ለሙሉ የገባው ሃምሳ ዓመት ከሞላው በኋላ ሲሆን ከዚያ በፊት ለረጅም ዘመን የሠራው በከሰልና በሊቶግራፍ (በድንጋይ ላይ ተሥሎ በሚታተም ሥዕል) ነው፤ እነዚያን ሥራዎቹን «ጥቁሮቼ» ይላቸው ነበር። በወጣትነቱ በቦርዶ አርማን ክላቮ ከሚባል የዕፅዋት ተመራማሪ ጋር ተወዳጅቶ በአጉሊ መነጽር የሚታየውን የዕፅዋት ዓለም ተምሯል። ስለ አሠራሩ ሲጽፍም በመጀመሪያ ጠጠርን፣ የሣር ቅጠልን ወይም ሌላ ትንሽ ነገርን በጥንቃቄ እንደሚቀዳ፣ ከዚያ በኋላ ግን ውስጡ ስለሚፈላ ወደ ምናብ እንደሚለቅ ገልጿል። ቅደም ተከተሉን ልብ ማለት ይገባል፤ ምናቡ የሚመጣው ከጥንቃቄው በኋላ ነው።

ስለዚህ ብሩሽ ከመንካቴ በፊት እያንዳንዱን አበባ ለብቻው በከሰል ነደፍኩ። ፖፒ በቶሎ ስለሚረግፍ ቅድሚያ አገኘ። በአኔሞን መሃል ያለው ጥቁር እምብርት ዙሪያው ላይ የተደረደሩት ጥቁር ክሮች እኩል አይደሉም፤ ወደ ብርሃኑ በኩል ያሉት ረዘም ብለው ጎንበስ ይላሉ። ይህን ያላየ ሰው አበባውን በአእምሮው ባለው አበባ ይተካዋል፤ በአእምሮ ያለው አበባ ደግሞ የሁሉም ሰው አበባ ነው።

ንድፉን ወደ ሸራው ያሻገርኩት በዚያው በከሰል ነው። ከሰል ላዩ ላይ ዘይት ሲመጣ ተነሥቶ ቀለሙን ያቆሽሸዋል፤ በተለይ ቢጫው ወዲያው ወደ አረንጓዴ ይዞራል። በጨርቅ አራግፌ የቀረውን ደብዛዛ መስመር በፊክሳቲቭ (ከሰሉን በሚያጣብቅ ርጭት) አሰርኩት። ፊክሳቲቩን የረጨሁት ውጭ ነው፤ በምሠራበት ቤዝመንት ውስጥ አይሞከርም።

የመጀመሪያው ንብርና የጠረጴዛው ጉዳይ

ቀለሞቹን ከቱቦ እንደወጡ አልተጠቀምኩባቸውም። ካርቶን ላይ ለጥቂት ሰዓት አስቀምጬ ትርፍ ዘይታቸው እንዲመጠጥ ካደረግሁ በኋላ ሽታ በሌለው ሚኒራል ስፒሪት አቀጠንኳቸው። ዴጋን የመሳሰሉ የዚያው ዘመን ፈረንሳውያን ዘይቱን በዚህ መንገድ እያስመጠጡ ይሠሩ ነበር። ተርፐንታይን ይበልጥ ይመቻል፤ ነገር ግን የቤዝመንቱ መስኮት ከጫማ ሳጥን ብዙም ስለማይሰፋ ጤናዬን መረጥኩ።

የኋላውን ክፍል በሰፊ የአሳማ ፀጉር ብሩሽ፣ ቀለሙን በማሸት እንጂ በመቀባት ሳይሆን፣ በፈዘዘ ሐምራዊ፣ በኦከር ቢጫና በሰማያዊ ሞላሁት። ቀለሙ በድርና ማጉ ጉብታዎች ላይ ተይዞ በጉድጓዶቹ ውስጥ ነጩን የታች ንብር ያሳያል፤ ከሩቅ ሲታይ ጭጋግ የሚመስለው ይህ ነው። ጨርቁን አለስልሼ አለማሸቴ እዚህ ላይ ጠቀመ።

ከዚያ ጠረጴዛውን ሣልኩት። ማስቀመጫው የቆመበትን ጠርዝ በአንድ አግድም መስመር፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ እንደ ማንኛውም ስቲል ላይፍ (የዕቃዎች ሥዕል)። ፎቶ አነሣሁት፣ መስመሩን በስፒሪት በራሰ ጨርቅ ጠረግሁት፣ እንደገና ፎቶ አነሣሁ። ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን ሳስቀምጥ የዚህ ሁሉ ድካም ግማሹ መልስ እዚያው ነበረ። መስመሩ ሲኖር ቦታው ክፍል ነው፣ ክፍሉ ግድግዳ አለው፣ ግድግዳውም ከማስቀመጫው ምን ያህል እንደሚርቅ ዓይን ወዲያው ይገምታል። መስመሩ ሲጠፋ ዓይን የሚለካበት ነገር ያጣል፤ ማስቀመጫው አንድ ክንድ ይራቅ አንድ ሜዳ አይታወቅም። ሬዶን በብዙዎቹ የአበባ ሥዕሎቹ ጠረጴዛውን የሚተወው ለዚህ ይመስለኛል።

ሆኖም መስመሩን ማጥፋት ብቻውን አይበቃም። ጥላውንም ጨምሬ ሳጠፋ ማስቀመጫው የተንሳፈፈ ሳይሆን ተቆርጦ የተለጠፈ መሰለ። ጥላውን እንዳለ ስመልስ ደግሞ ያልተሣለው ጠረጴዛ ተመልሶ መጣ፤ ጥላ የሚወድቀው በሆነ ነገር ላይ ነውና። በመጨረሻ የያዝኩት መካከለኛ መንገድ ከማስቀመጫው ሥር፣ ቅርጽና አቅጣጫ የሌለው፣ ከኋላው ቀለም ጥቂት ሞቅ ያለ አንድ እድፍ መተው ነው። እድፉ ክብደት ይሰጣል፣ ወለል ግን አይሰጥም። የዚህ እድፍ ስፋት ከአውራ ጣት ብዙም አይበልጥም፤ እሱን ለማስተካከል የፈጀሁት ጊዜ ግን ሙሉውን የኋላ ክፍል ለመሥራት ከፈጀሁት ይበልጣል።

ቀለም፣ ነጭና እኩል ብርሃን

የገዛኋቸው ቱቦዎች ካድሚየም ቀይ፣ ካድሚየም ቢጫ፣ ኮባልት ሰማያዊ፣ አልትራማሪን፣ ቪሪዲያን፣ ኦከር፣ ኩዊናክሪዶን ሮዝና አንድ ትንሽ ኮባልት ቫዮሌት ናቸው። የድሮዎቹ የሮዝ ቀለሞች፣ ማደርም ሆነ አሊዛሪን፣ በብርሃን ስለሚለቁ በኩዊናክሪዶን ተክቻቸዋለሁ። ኮባልት ቫዮሌቱ ብቻውን ወደ 35 ዶላር ወጣበት፤ የማቅለም ኃይሉ ደካማ ስለሆነ ከነጭ ጋር ሲደባለቅ ወዲያው ይጠፋል። አልትራማሪንና ሮዝ አደባልቆ የሚቀራረብ ሐምራዊ ማግኘት ስለሚቻል ለሚቀጥለው ሥራ አልገዛውም።

ያስቸገረው ነጩ ነው። ዛሬ በየሱቁ ያለው ታይታኒየም ነጭ ለሠዓሊያን የቀረበው ሬዶን ከሞተ በኋላ ሲሆን እርሱ በኖረበት ዘመን የነበሩት የእርሳስ ነጭና የዚንክ ነጭ ነበሩ። ታይታኒየም የሚሸፍን ኃይሉ እጅግ ብርቱ ስለሆነ ሐምራዊውም ሰማያዊውም አንድ ዓይነት የወተት መልክ ያዘ። የእርሳስ ነጭ መርዛም ነው፤ የዚንክ ነጭ ደግሞ በዘይት ውስጥ ብቻውን ሲሆን በጊዜ ብዛት ይሰባበራል። በዚህ መሃል፣ በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተማሩና እዚሁ አካባቢ የሚኖሩ አንድ አረጋዊ ሠዓሊ ሥራውን እንዲያዩልኝ ጋበዝኳቸው።

«ጋሼ፣ ነጩ ገደለኝ» አልኳቸው።

ሸራውን ወደ ብርሃኑ አዘንብለው ጥቂት አዩትና «ነጩማ ከሥር አለልህ አይደለም እንዴ፣ ልጄ? ምን ብለህ ትጨምርበታለህ?» አሉኝ።

ትክክል ነበሩ። ከዚያ ቀን በኋላ ብርሃን የሚያስፈልገኝ ቦታ ላይ ቀለሙን አቅጥኜ የታችኛው ጠመኔ እንዲያበራ አደረግሁ፤ ከቱቦው ነጭን ለዴዚዎቹና ለአኔሞኖቹ ጠርዝ ብቻ አስቀረሁ። ቀለሞቹ ወተት መምሰላቸው ቀረ።

ሁለተኛው ግኝት የመጣው ከስልክ ነው። ሥዕሉን ፎቶ አንሥቼ ወደ ጥቁርና ነጭ ስቀይረው ቀዩ ፖፒ ከኋላው ካለው ግራጫ አረንጓዴ በጣም ጠቁሮ ታየ፤ በዓይን ሲታይም ፖፒው ወደ ፊት ዘሎ ይወጣ ነበር። ከኋላው ያለውን ግራጫ አረንጓዴ ጥቂት አጨለምኩ፣ ፖፒውንም ብርቱካን ጨምሬ አበራሁት፤ በጥቁርና ነጩ ፎቶ ላይ ሁለቱ እስኪቀላቀሉና የፖፒው ጠርዝ እስኪጠፋ ድረስ። በቀለም ሲታይ ግን ቀዩ ቀይ ነው፣ ይታያል፣ ነገር ግን አንድ ቦታ አይቆምም፤ ጠርዙ ላይ የሚርገበገብ ነገር አለ። ዓይን የነገሮችን ቦታና ርቀት በአብዛኛው የሚለየው በብርሃንና በጨለማ ልዩነት እንጂ በቀለም ዓይነት ስላልሆነ፣ ልዩነቱ ሲጠፋ አበባው ምን እንደሆነ እያወቅን የት እንዳለ ግን እርግጠኛ አንሆንም። ሕልም ውስጥ የምናያቸው ነገሮችም እንዲሁ ናቸው፤ ማንነታቸው ግልጽ፣ ቦታቸው የማይጨበጥ። ይህን ዘዴ በሁሉም አበባ ላይ መጠቀም ግን አይገባም። በሁሉም ላይ ስሞክረው ሥዕሉ በሙሉ ጥጥ ሆነ፤ ከሲሶ በላይ የሚሆነውን ክፍል በፓሌት ቢላዋ ፍቄ መመለስ ነበረብኝ።

ጠርዞች

ቢያንስ አንድ አበባ በግልጽ መታየት አለበት፣ አለዚያ የሌሎቹ መደብዘዝ የዓይን ድካም ይመስላል። በስተግራ ያለውን ነጭ አኔሞን መረጥኩ። ቅጠሎቹን በጠባብ ብሩሽ፣ ወፈር ባለና ባልቀጠነ ቀለም፣ አንድ ጊዜ ብቻ በመንካት አስቀመጥኳቸው። ከላይ በኩል ያለው ቅጠል ጠርዙ ላይ ቀለሙ ክምር ብሎ የራሱን ትንሽ ጥላ ይጥላል፤ በመሃሉ ግን ብሩሹ ስለደረቀ የጨርቁ ድርና ማግ ይታያል፤ ወደ እምብርቱ ሲጠጋ ከሰማያዊ ጋር እየተነካካ ግራጫ ይሆናል። የእምብርቱ ክሮች ከከሰል ንድፉ የተወሰዱ ናቸው፤ አጭሩም ረጅሙም እንዳለ።

ከዚህ አበባ በራቁ ቁጥር ጠርዞቹ ይላላሉ። ለማላላት የተጠቀምኩበት ቀለሙ ገና እርጥብ ሳለ ደረቅና ንጹሕ ብሩሽ በላዩ ላይ ማንሳፈፍ ሲሆን ጣትም ይሠራል። በስተቀኝ ያሉት ሦስት አራት አበቦች በመጨረሻ ላይ አበባ መሆናቸው ቀርቶ የቀለም ነጠብጣቦች ሆኑ፤ አንዳንዶቹም ከእቅፉ ተለይተው ወደ ጭጋጉ ገቡ። እነዚህ በእህቴ እቅፍ ውስጥ ያልነበሩ፣ ግንድ የሌላቸው፣ ስም የማይሰጣቸው አበቦች ናቸው። ሬዶንም የታወቁትን ከፈጠራቸው ጋር ያቀላቅል ነበር፤ ከጎናቸው ያለው አኔሞን እውነተኛ ስለሆነ ተመልካቹ የፈጠራዎቹንም ሳይጠራጠር ይቀበላቸዋል።

አንድ ቀን ሥራው አልገፋ ሲል ሸራውን በጎኑ አዞርኩት። ይህን ያስታወሰኝ በለንደኑ ናሽናል ጋለሪ ያለው የሬዶን ፓስቴል ነው፤ የአበባ ማስቀመጫ ሆኖ ተጀምሮ ወረቀቱ በጎኑ ሲዞር በአበቦች መካከል ውኃ ላይ ያለች ኦፌሊያ (የሼክስፒር «ሐምሌት» ገጸ ባሕርይ) ሆኗል። የእኔው ማስቀመጫ ወደ ሰው አልተለወጠም። ጥቅሙ ሌላ ሆኖ ተገኘ፤ በጎኑ ሲታይ ከማስቀመጫው በላይ ያለው ባዶ ቦታ ከመጠን በላይ ሰፊ መሆኑ ስለታየኝ እቅፉን ወደ ላይ ጥቂት አሳደግሁት።

መድረቅና የመጡ እንከኖች

የተልባ ዘይት የሚደርቀው እንደ ውኃ በመትነን ሳይሆን ከአየር ኦክስጅን ጋር በመዋሃድ ነው። የውህደቱ ፍጥነት እንደ ቀለሙ ዓይነት ስለሚለያይ ኦከሩና ኮባልቱ በቶሎ ሲደርቁ ካድሚየሞቹ ከሳምንት በኋላም ያጣብቁ ነበር። በቶሎ የሚደርቀውን በዘገምተኛው ላይ መደረብ ስንጥቅ ያመጣል፤ ዘይቱ የበዛበት ንብር ዘይት ካነሰበት በላይ መምጣት አለበት የሚባለውም ለዚሁ ነው። ከፖፒው ሥር ያልደረቀ ካድሚየም ላይ በተደረበው ኦከር ምክንያት ሩብ ጣት የምታህል ስንጥቅ ወጥታለች፤ የማትታይበት ቦታ ስለሆነች ትቻታለሁ።

የዘይት ጨርቆችን ነገር ለሚጀምሩ ሰዎች ማስጠንቀቅ ይገባል። ከኦክስጅን ጋር ሲዋሃድ ሙቀት ስለሚፈጥር ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨማድዶ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከተጣለ ያለ ክብሪት ሊቀጣጠል ይችላል። እኔ ውኃ ባለበት ክዳናም ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጣለሁ።

ጥቁር ሰማያዊዎቹ ክፍሎች ዘይታቸው ወደ ጠመኔው ሰምጦ አመድ መሰሉ። የተለመደው መድኃኒት ጥቂት ዘይት በስፒሪት አቅጥኖ ማሸትና ትርፉን መጥረግ ነው። በሙሉ ሸራ ላይ ቢደረግ ግን ያን ሁሉ የደከምኩለትን ማትነት ያጠፋዋል። በማስቀመጫው ጥላ በኩል ብቻ አደረግሁት፤ እዚያ ያለው ጥቂት ማብረቅረቅም ለሸክላው ተስማማው።

ወጪና አሁን ያለበት ደረጃ

ቀለሞቹ በድምሩ ወደ 150 ዶላር፣ ሸራና ዝግጅት 70፣ ብሩሽና ስፒሪት ወደ 45፣ አበባ 20 ገደማ፣ ማስቀመጫው 4። የውጭውን ፍሬም ከሕንፃ መሣሪያ መደብር በተገዛ የ15 ዶላር እንጨት ራሴ ሠራሁት፤ በሸራውና በእንጨቱ መካከል ጠባብ ክፍተት ትቻለሁ፤ ሸራውን የሚደፍን ፍሬም ጠርዝ ከሆነ የተወገደው የጠረጴዛ መስመር በሌላ መንገድ ይመለሳልና። መስታወት አላደረግሁበትም፣ ነጸብራቁ አይፈለግም።

ቫርኒሽ አይቀባም። ሰዎች «አልተጨረሰም?» ብለው ይጠይቁኛል፤ ማት ገጽ በዓይናቸው ያላለቀ ሥራ ይመስላቸዋል። አቧራ እንዳይዘው በየጊዜው በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ይጠረጋል። የተልባ ዘይት በጨለማ ስለሚቢጭ እስኪጠነክር ድረስ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ማስቀመጥ አይገባም፤ ስለዚህ ቀጥተኛ ፀሐይ በማያገኘው ብርሃን ላይ ሰቅየዋለሁ።

ለሚቀጥለው ሸራ ያሰብኩት ለውጥ ዘይቱን ከግማሽ እጅ ወደ ሲሶ ዝቅ ማድረግ ነው፤ ሰማያዊዎቹ የባሰ ይሰምጡ ይሆናል፣ የኋላው ክፍል ግን ከዚህ የበለጠ ይደርቃል። ሊነኑ ተወጥሯል፣ ሙጫውም ተዘፍዝፏል።